ብልጭታው ከየት መጣ?

ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. የሱዳን ብሔራዊ ቡድን በሊቢያዋ ቤንጋዚ ከአንጎላ ጋር ተጫውቶ 0 ለ 0 ተለያየ። በማግስቱ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ ዋልያዎቹ፣ ኪንሻሳ ላይ ዴሞክራቲክ ኮንጎን በገዛ ሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፉ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥና እይ የተባለ የኳስ ወዳጅ የትኛውን እንደሚመርጥ አያጠያይቅም። ሆኖም ሱዳን በዚያች ባዶ ለባዶ ለሞሮኮው የአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ኢትዮጵያ ግን አሸንፋም በ4 ነጥብ የምድቧ ግርጌ ላይ ቀረች። ኮንጎ ቀድማ ማለፏን ያረጋገጠች ስለነበረች ከጨዋታው የምታጣው ነገር አልነበራትም።

በዚያ ሳምንት አዲስ አበባም ሆነ አሶሳ የሰማሁት ወሬ አንድ ዓይነት ነበር። «ኳሱማ አለን እኮ! ኮንጎን በሜዳዋ የሚያሸንፍ ቡድን ከሦስት ቀን በፊት እንዴት ታንዛኒያን ማሸነፍ ያቅተዋል?» ጥያቄው ለዋልያ ደጋፊ አዲስ አይደለም። ቡድኑ ለዓመታት ይወድቅና አንድ ቀን ብልጭ ይላል፤ ያቺ አንዲት ቀን ለሚቀጥለው ሁለት ዓመት ስንቅ ትሆናለች። ስንቅነቷ እውነት ነው ወይስ ራስን ማታለል? እኔን ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጡ ያከራከረኝ ሰው የስፖርት ጋዜጠኛ አልነበረም፤ ኩርሙክ ላይ ወርቅ የሚያጥብ ልጅ ነው።

ኩርሙክ የሚባሉ ከተሞች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የሱዳን። የኛው ከአሶሳ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ቆላው ከሚብስበት ጥግ ነው ያለው። በካርታ ላይ በመካከላቸው ድንበር አለ፤ ከድንበሩ ግራና ቀኝ የሚኖረው የቤርታ ሕዝብ ግን የሚጋባና የሚገበያይ ዘመድ ነው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በዚህ በር ብዙ ሺህ ሰው ገብቷል። ከፊሉ ከከተማዋ መቀበያ ወደ ኡራ መጠለያ ተዛውሯል፤ ከፊሉ ዘመድ ቤት ተጠግቷል። ስለዚህ ኩርሙክ ላይ የእግር ኳስ ክርክር ሲነሳ ሱዳን የሩቅ ተጋጣሚ ሆና አትወራም። አጠገብህ ተቀምጣ ሻይ እየጠጣች ትመልስልሃለች።

ታኅሣሥ 6 ቀን 2017፣ እሑድ ምሽት፣ በቀርከሃ የታጠረች ሻይ ቤት ውስጥ የማንቸስተር ደርቢ እየታየ ነበር። ስርጭቱ በአረብኛ ነው። ሙቀቱ ጀንበር ከገባች በኋላም አልበረደም፤ ወንበሩ ያነሰው ወጣት ሁሉ በገመድ የተጠለፉት አልጋዎች ላይ ተደርድሯል። ዝንጅብል የበዛበት ቡና ይዞራል። የዚያ ዓመት ማንቼ፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ምን እንደነበረ የሚያስታውስ ያስታውሰዋል። አሰልጣኝ ቀይሯል፣ ከላይኛው ሰንጠረዥ ርቋል፣ ደጋፊው የአርሰናልን ልጆች ላለማግኘት መንገድ ይቀይራል። ሲቲ በመጀመሪያው አጋማሽ 1 ለ 0 መራ። 88ኛው ደቂቃ ላይ ብሩኖ ፈርናንዴዝ በፍፁም ቅጣት ምት አቻ አደረገ፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ አማድ ዲያሎ ሁለተኛዋን አገባ። ሻይ ቤቷ ተናጋች። ባለቤቲቱ ብርጭቆዎቿን በሁለት እጇ ሸፍና ቆመች።

«አለቀ! ተነሳን!» አለ ቀይ ማሊያ የለበሰው ልጅ። ቀን ቀን ከጓደኞቹ ጋር ወንዝ ዳር ወርቅ የሚያጥበው እሱ አይደለም፤ ከጎኑ ያለው ነው። ያኛው ጮክ አላለም። «አንድ ፍሬ ስላበራ ጉድጓድ አትቆፍር» አለው።

ከኋላ ገመድ አልጋ ላይ ጋደም ያሉ የሱዳኗ ዳማዚን ሰው፣ የኦምዱርማኑ አል ሂላል ደጋፊ፣ ሳቁ። ልጆቹ «ያ አሚ»፣ አጎቴ፣ እያሉ ነው የሚጠሯቸው። ወሬው ወዲያው ወደ ዋልያ ዞረ።

«ያ አሚ፣ ባለፈው ኮንጎን ስናሸንፍ አዩልን?»

«አይቻለሁ። እናንተ አሸነፋችሁ፣ እኛ አለፍን» አሉና ቡናቸውን ተቀበሉ።

የሚመልስላቸው አልተገኘም።

ወርቅ የሚያጥበውን ልጅ በኋላ ለብቻው ጠየቅሁት። አንድ ፍሬ ስታበራ ምን ታደርጋለህ? ከወንዙ አሸዋ ዘግኖ በእንጨት ገበቴ ውኃ ውስጥ እያሽከረከረ ማሳየት ጀመረ። ቀላሉ አፈር ከጠርዙ ይፈስሳል፤ ከታች ጥቁር አሸዋ ይቀራል፤ በጥቁሩ ውስጥ አንዳንዴ ብልጭ የሚል ነገር አለ። ያቺ ብልጭታ ውሸት አይደለችም፤ ወርቅ ናት። ቁም ነገሩ ጎርፍ ከሩቅ ያመጣት አንዲት ፍሬ ትሁን ወይም እላይ ካለ ድንጋይ በየቀኑ የምትወርድ፣ እሱ ነው። ይህን ለማወቅ እዚያው ቆሞ መቆፈር አይጠቅምም። ወደ ላይ እየሄዱ፣ አሥር እርምጃ እየተራመዱ፣ በየቦታው አንድ ገበቴ ማጠብ ነው። «ከየት እንደመጣች ሳታውቅ ከቆፈርክ ክረምቱን ሙሉ አፈር ነው የምትዝቀው» አለኝ።

ማንቼ ከዚያች ምሽት በኋላ በተከታታይ ባደረጋቸው ሦስት የሊግ ጨዋታዎች በቦርንማውዝ 3 ለ 0፣ በዎልቭስ 2 ለ 0፣ በኒውካስል 2 ለ 0 ተሸነፈ። ሰባት ግብ ገባበት፣ አንድም አላገባም። ዓመቱን 15ኛ ሆኖ በ42 ነጥብ ጨረሰ።

እግር ኳስ ብልጭታ የሚበዛበት ጨዋታ የሆነው ግብ ስለሚወደድበት ነው። በትልልቆቹ ሊጎች እንኳ በአንድ ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች ተደማምረው የሚያገቡት በአማካይ ሦስት ገደማ ብቻ ነው። ቅርጫት ኳስ ላይ አንድ ቡድን ሰማንያ ጊዜ ሲሞክር የተሻለው መሻሉን ለማሳየት ሰማንያ ዕድል ያገኛል። እግር ኳስ ላይ ግን አንዲት የተጨረፈች ኳስ፣ አንድ የዳኛ ፊሽካ፣ አንድ የበረኛ መንሸራተት ዘጠና ደቂቃውን ሙሉ ይገለብጠዋል። ስለዚህ ደካማው ጠንካራውን ማሸነፉ ብርቅ አይደለም፤ ጨዋታው በተፈጥሮው ይፈቅደዋል። ለዚህ ነው የዛሬ ባለሙያዎች ውጤቱን ወደ ጎን ትተው ሙከራዎቹን የሚመዝኑት። እያንዳንዱ ሙከራ ከዚያ ቦታና ከዚያ አንግል ድሮ ስንት ጊዜ ግብ እንደሆነ ይታያል፤ ፍፁም ቅጣት ምት ለምሳሌ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ይገባል። ዘጠና ደቂቃው በዚህ ተደምሮ ሲታይ አንዳንዴ ያሸነፈው ቡድን መሸነፍ ይገባው የነበረ ሆኖ ይገኛል። የአንድ ቀን ድምር ብዙም አይናገርም። የአሥር ጨዋታ ድምር ግን ስለ ነገ ከውጤቱ ይልቅ የሚታመን ወሬ ያወራል።

ይህ ሚዛን ለእኛ ታሪክ ርኅራኄ የለውም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችበት ቀን ነው። ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች፤ ካገቡት መካከል ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ፤ አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ትልቅ ቀን ነው፤ ማንም አይወስድብንም። ይሁን እንጂ በዚያ ውድድር የተሳተፉት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ። አዘጋጅዋ ኢትዮጵያ ማጣሪያ አልተጫወተችም። ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅን 4 ለ 2፣ በቃ። ከ60 ዓመት በላይ ስንመነዝረው የኖርነው ተስፋ ሁለት ጨዋታ ነው፤ ሁለቱም በሜዳችን፣ በደጋፊያችን ፊት። ይህን የምለው ዋንጫውን ለማሳነስ አይደለም። እነ ይድነቃቸው ተሰማ በዚያ ዘመን የሠሩትን ያህል የሠራ ከዚያ ወዲህ አላየንም። የምለው «እኛ እኮ የኳስ አገር ነን» ሲባል ማስረጃው ስንት ገበቴ እንደሆነ ነው።

ከ1974 ዓ.ም. የሊቢያው ውድድር በኋላ 31 ዓመት ከአፍሪካ ዋንጫ ጠፋን። የተመለስነው ደግሞ በሱዳን በኩል ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ኦምዱርማን ላይ የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን 5 ለ 3 ተሸነፈ። አምስት ግብ የገባበት ቡድን ተስፋ አለው ቢባል ማን ያምናል? ነገር ግን ሦስቱ ከሜዳ ውጭ የተቆጠሩ ግቦች ነበሩ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 አዲስ አበባ ስታዲየም ጢም ብሎ ሞልቶ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አንድ አንድ አገቡ፤ 2 ለ 0። ድምሩ 5 ለ 5፣ ከሜዳ ውጭ በገቡት ግቦች ኢትዮጵያ አለፈች። የዳማዚኑ ሰው ያቺን ቀን ዛሬም አልረሷትም። «አዲስ አበባ ላይ ትንፋሽ አጠረን» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ከተማው ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ከዓባይ ዳር የመጣ እግር ሁለተኛው አጋማሽ ላይ መክበዱ አይቀርም። ሁለቱም ግቦች የገቡት በሁለተኛው አጋማሽ ነው።

ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ጥር 13 ቀን 2005 ነበር። ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ 51 ዓመት፣ በዕለቱ። ኔልስፕሩይት ላይ የተሰበሰበው ኢትዮጵያዊ ይህን ይወቀው አይወቀው እንጃ፤ ያየው ግን እንደ ፍጻሜ ነበር። ሳላዲን ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ። በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ወጣ። በዐሥር ሰው እየተመሩ አዳነ አቻ አደረገ። ከዚያ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ 2 ለ 0። አንድ ነጥብ ይዘን ተመለስን።

እዚህ ላይ ብልጭታውን ወደ ላይ መከተል ይቻላል። የዚያ ቡድን አብዛኛው ሰው የአገር ውስጥ ተጫዋች ነበር፤ አምበሉ ደጉ ደበበ፣ አዳነ ግርማና ሽመልስ በቀለ ከቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ጌታነህ ከበደ ከደደቢት። በየሳምንቱ ወይ አብረው ወይ እርስ በርስ ይጫወታሉ፤ የአንዱን ኳስ አወራረድ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀዋል። ጨዋታቸው አዲስ አበባ ነው፤ ሜዳው ያው፣ አየሩ ያው። ስለዚህ ብልጭታቸው ተደጋገመ። በዚያው ዓመት ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ለብራዚሉ የዓለም ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ አለፉ ተባለ። ደስታው ሳይበርድ የፊፋ ወሬ መጣ። ምንያህል ተሾመ በካርድ ምክንያት መሰለፍ በማይገባው የቦትስዋና ጨዋታ ተሰልፏል፤ ሦስት ነጥብ ተቀነሰ። ቡድኑ ግን አልተበተነም። ማዕከላዊ አፍሪካን አሸንፎ ምድቡን እንደገና በአንደኛነት ጨረሰ። ብልጭታ ሳይሆን ምንጭ ያለው ነገር እንዲህ ነው፤ ሦስት ነጥብ ሲወሰድበት ሦስት ነጥብ ያመጣል።

ጥቅምት 3 ቀን 2006 ናይጄሪያ አዲስ አበባ መጣች። እስከ ዛሬ የዋልያ ምርጥ ጨዋታ የትኛው ነው ብትሉኝ ይህችን እጠራለሁ፤ የተሸነፍንባትን። በኃይሉ አሰፋ መራን። ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፤ በመጨረሻው ደቂቃም በፍፁም ቅጣት ምት ሁለተኛዋን አገባ። 2 ለ 1። ካላባር ላይ ደግሞ 2 ለ 0። እዚያ ያለቀው ቡድን ኳሱን አጥቶ አልነበረም ያለቀው። ያንን አጨዋወት የያዘው ቡድን እንዲቀጥል ማን ምን አደረገ ቢባል ግን ዝርዝሩ አጭር ነው። አሰልጣኙ በወራት ውስጥ ተነሱ፤ ቡድኑም ያንን መልክ አልያዘም።

ሁለተኛው ፍሬ ባሕር ዳር ላይ በራ። ኅዳር 9 ቀን 2012 በአብርሃም መብራቱ አሰልጣኝነት ኮትዲቯርን 2 ለ 1፤ መጋቢት 15 ቀን 2013 በውበቱ አባተ አሰልጣኝነት ማዳጋስካርን 4 ለ 0። ከሳምንት በኋላ አቢጃን ላይ 3 ለ 1 እየተመራን ዳኛው ራሳቸውን ስተው ወድቀው ጨዋታው ተቋረጠ፤ ማዳጋስካርና ኒጀር አቻ ስለወጡ ግን አለፍን። የውበቱ ቡድን ኳስ ከበረኛ ጀምሮ እያቀባበለ የሚወጣ፣ ለዓይን የሚመች ቡድን ነበር። ካሜሩን ላይ አዘጋጇን ገጥሞ ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አገባ። እረፍት 1 ለ 1 ወጡ። ከእረፍት በኋላ ሩብ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ሦስት ግብ ገባብን። እኔ ከዚያ ጨዋታ የምይዘው አራተኛዋን ደቂቃ አይደለም። ከዚያ በኋላ ያለውን አርባ ደቂቃ ነው፤ ከካሜሩን ጋር ሳይፈርስ የቆመበትን። ይህን ያህል ጊዜ በአጋጣሚ አይቆምም። የፈረሰበትም ምክንያት ይታወቃል፤ በዚያ ፍጥነት ዘጠና ደቂቃ የመሮጥ ልምድ በሳምንት አንድ ጨዋታ በእርጋታ ከሚካሄድበት ሊግ አይገኝም።

ከዚያ ሜዳው ተወሰደ። መስከረም 29 ቀን 2014 ባሕር ዳር ላይ በደቡብ አፍሪካ 3 ለ 1 ከተሸነፍን በኋላ ካፍ ስታዲየሙ ደረጃውን አያሟላም አለ። በሚቀጥለው ወር ጋናን «በሜዳችን» ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው። ቀጥሎ ሊሎንግዌ፣ ማፑቶ፣ ኤል ጃዲዳ፣ ዳሬሰላም፣ አቢጃን። ኪንሻሳም አልቀረች። በጽሑፌ መግቢያ የጠቀስኩት ድል ከመገኘቱ ሦስት ቀን በፊት፣ ኅዳር 7 ቀን 2017፣ እዚያው ከተማ ላይ «ባለሜዳ» ሆነን በታንዛኒያ 2 ለ 0 ተሸንፈናል። በባለሜዳነት ተሸንፈን በእንግድነት አሸነፍን። ከዚህ የባሰ ቀልድ የሚጽፍ ደራሲ አላውቅም።

ሊሎንግዌ ላይ ግን ትልቁ ብልጭታ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ግብፅን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0። የቤንሻንጉል ጉሙዝ ሰው ያቺን ቀን ሌላው ኢትዮጵያዊ ካየበት ዓይን ትንሽ ለየት ባለ ዓይን ነው ያያት፤ ካይሮ በየቀኑ ስሙን የምትጠራው ግድብ ጉባ ላይ፣ በገዛ ክልሉ፣ እየተገነባ ነበርና። ግብፅን ማሸነፍ ኳስ ብቻ አልነበረም። መጨረሻው? ከጊኒ ሁለት ጊዜ ሽንፈት፣ ከማላዊ ባዶ ለባዶ፣ በግብፅ 1 ለ 0፤ በ4 ነጥብ የምድቡ መጨረሻ። ነሐሴ 30 ቀን 2017 ደግሞ ካይሮ ላይ በሁለት ፍፁም ቅጣት ምት 2 ለ 0 ተሸነፍን። ከአራት ቀን በኋላ፣ ጳጉሜን 4፣ ግድቡ ተመረቀ። 14 ዓመት የፈጀ ሥራ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ከ60,000 ሰው በላይ የሚይዘው የአደይ አበባ ስታዲየም በዚያ ቀን አላለቀም ነበር።

እስከዚህ ድረስ ክርክሬ ቀላል ይመስላል። ሜዳችንን ስጡን፣ ኳሱ ይመለሳል። ኩርሙክ ላይ ይህን ስናገር ግን የዳማዚኑ ሰው አላሳለፉኝም። «እኛ ሜዳ አለን እንዴ?» አሉኝ።

የላቸውም። አገራቸው እየነደደ ነው። ያኔ ኦምዱርማን የጦር ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ሊጉም ቆሞ ነበር። አል ሂላልና አል መሪክ የ2024/25ን ውድድር ያደረጉት በሞሪታኒያ ሊግ ነው። ብሔራዊ ቡድኑ እንግዳ ይቀበል የነበረው ሊቢያ ላይ ነው። ይህም ሆኖ በጋናዊው አሰልጣኝ ክዌሲ አፒያ እጅ አክራ ላይ ከጋና ጋር 0 ለ 0 ወጡ፣ ቤንጋዚ ላይ 2 ለ 0 አሸነፉ፤ አራት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የነበረችው ጋና የምድቡ መጨረሻ ሆና ቀረች። ሜዳ የለንም የሚለው ምክንያት ለእኛ ሲሠራ ለእነሱ ለምን አልሠራም?

መልሱ የእነሱም ብልጭታ ምንጭ ስላለው ነው። የቡድኑ አብዛኛው አባል ከሁለቱ የኦምዱርማን ክለቦች የመጣ ነበር። ክለቦቹ ሲሰደዱ አንድ ላይ ተሰደዱ። ኖዋክሾት ላይ አብረው ይሠሩ፣ አብረው ይበሉ፣ ቤተሰባቸው የት እንዳለ አብረው ይጨነቁ፣ ዓመቱን ሙሉ ይጫወቱ ነበር፤ አሰልጣኙም አልተቀየረባቸውም። ይህን እንደ ጥሩ ዘዴ ማቅረብ ነውር ነው፤ ጦርነት የሰበሰበው ቡድን ነው። ግን ምን እንደሚያሳይ መካድም አይቻልም። ሜዳ የሚረዳው አብሮ የቆየ ቡድን ሲኖር ነው። የ2005ቱ ዋልያ ሁለቱም ነበሩት። የሱዳኑ አንዱ ብቻ ነበረው፤ የእኛው ለዓመታት ሁለቱንም አጥቷል።

ሜዳው የጠፋበት ሌላም መንገድ አለ፤ ብዙ አይወራም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምር ክለቦቹ በአንድ ከተማ ተሰብስበው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ ሌላው እየተዛወሩ መጫወት ጀመሩ፤ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ። ለካሜራ ይመቻል፣ ወጪም ይቀንሳል። ነገር ግን ለዓመታት አንድ ተጫዋች በገዛ ከተማው ሕዝብ ፊት፣ ግፊቱንና ስድቡን ተሸክሞ የመጫወት ልምድ አጣ። ብሔራዊ ቡድኑ ሜዳ አልባ ከመሆኑ በፊት ሊጉ ሜዳ አልባ ሆኖ ነበር። አሶሳ ያለው ልጅ ትልቅ ክለብ የሚያየው በቴሌቪዥን ብቻ ነው፤ የሚያየውም ማንቼን ነው።

እንግዲህ ብልጭታ ተስፋ ያሰጣል ወይ? እኔ ያሰጣል እላለሁ፤ ግን ብልጭታው ራሱ የተስፋው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። የሚያሳየው አንድ ነገር ነው፤ ያ ችሎታ አለ። ሽመልስ ያቺን ኳስ መስጠት ይችላል፣ ዳዋ ማግባት ይችላል፣ ቡድኑ ካሜሩንን አርባ ደቂቃ ማቆም ይችላል። አለመኖሩን አይቶ ተስፋ ከመቁረጥ መኖሩን ማወቅ ይሻላል። ከዚያ በላይ ግን አይናገርም። ተደጋግሞ ይመጣል ወይ የሚለውን የሚናገሩት አሰልቺዎቹ ጨዋታዎች ናቸው። መጋቢት 2017 ላይ ጅቡቲን 6 ለ 1 ስናሸንፍ ሰው ሁሉ ስድስቱን ግብ ቆጠረ። ወራት ቀደም ብሎ ከዚችው ጅቡቲ ጋር 1 ለ 1 መውጣታችን ግን ስለ ቡድኑ የበለጠ ይናገር ነበር።

ይህን ለወርቅ አጣቢው ልጅ ስነግረው ደስ አላለውም። እሱ ራሱ ያስተማረኝን መልሼ ብነግረውም ኳስ ሌላ ነው ይላል። ወርቅ ሲጠፋ ኪስ ነው የሚጎዳው፤ ብልጭታ የሌለበት ኳስ ግን ማን ያየዋል? ባዶ ለባዶ ለማየት ከቤቱ የሚወጣ ሰው የለም፤ የኩርሙክን ሙቀት ችሎ ሻይ ቤት የሚቀመጠው 88ኛዋን ደቂቃ ብሎ ነው። ልክ ነው። ደጋፊ የሂሳብ ባለሙያ የመሆን ግዴታ የለበትም፤ ለደስታው ማስረጃ እንዲያቀርብም አይጠየቅም። ግዴታው ያለበት ብልጭታውን አይቶ «ኳሱማ አለን» እያለ ደመወዙን የሚበላው ነው። ፌዴሬሽኑ፣ የስታዲየሙ ግንባታ ኃላፊ፣ አሰልጣኝ በየዓመቱ የሚያነሳ ሥራ አስፈጻሚ። እነሱ ተስፋ እንዲያደርጉ አይፈለግም፤ ወደ ላይ እየሄዱ እንዲያጥቡ ነው የሚፈለገው።

እኔ በበኩሌ የሚቀጥለው ማጣሪያ ሲጀመር መጀመሪያ የምመለከተው የአሰላለፉን ዝርዝር ነው። ኪንሻሳ ላይ ኮንጎን ካሸነፉት ስንቱ አሁንም አንድ ላይ አለ? አሰልጣኙ ስንት ጨዋታ ቆይቷል? ጨዋታው የሚካሄደው የት ነው? ለእነዚህ ሦስቱ መልካም መልስ ካለ በመጀመሪያው ጨዋታ 2 ለ 0 ብንሸነፍም አልደነግጥም። ከሌለ ሴኔጋልን በሜዳዋ ብናሸንፍ እንኳ እጨፍራለሁ፣ ቡናዬን እጠጣለሁ፣ ነገር ግን ለሚቀጥለው ጨዋታ ከማንም ጋር አልወራረድም። የዳማዚኑ ሰው ግን ከወዲሁ ለመወራረድ ዝግጁ ናቸው፤ የዋልያና የሱዳን ጨዋታ ቢመጣ ባዶ ለባዶ ይሆናል ብለው።